መኪናው በቆመ ጊዜ፦ አዲስ ሾፌር በአሰላ ጌታውን ሲመርጥ

የታኅሣሥ ወር በገባ ጊዜ፣ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ጀምሮ በሳጉሬና በበቆጂ አልፎ እስከ አሳሳ ሜዳ ድረስ ተንጣሎ የከረመው የስንዴና የገብስ አዝመራ በኮምባይነር ታጭዶ፣ ከጆንያ ገብቶ፣ በየማሳው ዳር ኩንታል በኩንታል ላይ ተነባብሮ ገዢውንና ጫኙን በሚጠባበቅበት ሰዓት፣ ከአዳማ ወደ አሰላ የሚያወጣው ጎዳና ባዶአቸውን በሚወጡና ተጭነው በሚወርዱ ካሚዮኖች ይጨናነቃል። ስንዴው ወደ አዳማና ወደ አዲስ አበባ የዱቄት ፋብሪካዎች ይወርዳል፤ የቢራው ገብስ ወደ አሰላ ብቅል ፋብሪካ ይገባል፤ የደጋው ድንች በአይሱዙ ተጭኖ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ጎሕ ሲቀድ ከገበያ ይደርሳል። ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና፣ ገበሬው ለዘር የሚጠብቀው ማዳበሪያ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሓ አቋርጦ፣ በዚያው ጎዳና ሽቅብ ይመጣል። ስለ ገበሬው ብዙ ተጽፏል፤ ነጋዴውም ሲወቀስና ሲወደስ ኖሯል፤ በሁለቱ መካከል ሌሊቱን ሳይተኛ የሚያድረው ሾፌር ግን ስሙ የሚነሣው መኪና የተገለበጠ ዕለት ብቻ ነው።

የአርሲ ልጅ ወደ መኪና መሪ የሚመጣበት መንገድ የራሱ ታሪክ አለው። በ1960 ዓ.ም. መግቢያ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመውና ካዱ በሚል አኅጽሮተ ስም የታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይዞ በመጣ ጊዜ፣ ትርፉን ያዩ ባለርስቶች ትራክተር እየገዙ ጭሰኞቻቸውን ከመሬት ማስነሣታቸው የተመዘገበ ነገር ነው፤ ያ ዘመን አልፎ መሬት ላራሹ ከታደለ በኋላ ደግሞ ሕዝቡ እየበዛ ሄደና፣ ለአንድ አባት የደረሰው ማሳ ለልጆቹ በተከፈለ ጊዜ ለአንዳቸውም የማይበቃ ሆነ። ከእነዚህ ልጆች አንዱ የደራርቱን፣ የቀነኒሳንና የጥሩነሽን ፈለግ ተከትሎ ጎሕ ሳይቀድ በበቆጂ ጎዳና ላይ ይሮጣል፤ አንዱ ወደ ዐረብ አገር ለመሻገር ልቡ ይነሣሣል፤ አንዱም መንጃ ፈቃድ ያወጣል።

በዚህ ጽሑፍ ወጣቱ እያልሁ የማነሣው የኢተያ ልጅ ከእነዚህ ከመጨረሻዎቹ ወገን ነው። በረዳትነት ሸራ ሲያስር፣ ጎማ ሲፈታ፣ በዳገት ላይ ድንጋይ ከጎማ ሥር ሲወትፍ ከርሞ፣ ደረጃ በደረጃ ተፈትኖ ተሳቢ የሚያስይዘውን የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ በእጁ ካስገባ በኋላ፣ ከሦስት ቦታ ተስፋ ተሰጥቶት ነበር። አንደኛው በአሰላ የእህል መጋዘን ያለው ነጋዴ ሲሆን፣ አንዲት አይሱዙ አለችው። ሁለተኛው ከአዳማ የጭነት ማኅበር አባል የሆነ፣ ጥቂት ሲኖትራኮች ከነተሳቢያቸው በጅቡቲ መስመር የሚያሰማራ ባለንብረት ነው። ሦስተኛው ብዙ መቶ መኪና ያለው ታላቅ የትራንስፖርት ድርጅት ነው፤ ይህ ግን ለዋና ሾፌርነት የሥራ ልምድ ስለሚጠይቅ፣ ወጣቱን የሚቀበለው ከነባር ሾፌር ጎን አስቀምጦ በሁለተኛ ሾፌርነት ነው።

ወጣቱ ምክር ፍለጋ ወደ አንድ ጡረተኛ ሾፌር ዘንድ በመጣ ዕለት፣ እኔም በአሰላ መናኸሪያ አጠገብ ባለች አንዲት ቡና ቤት ከሽማግሌው ጋር ተቀምጬ ነበር። ሽማግሌው በኤንትሬ ፊያት ሥራ ጀምረው፣ ጭነቱ በአሰብ በኩል ይገባ በነበረ ጊዜ አሰብ የተመላለሱ፣ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህም ነገሩ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞር አብረው የዞሩ ሰው ናቸው። ግራ ጆሯቸው አይሰማም፤ በሾፌሩ መስኮት በኩል ሲገባ የኖረው ነፋስና የሞተር ድምፅ ያተረፈላቸው ይህን ነው።

«ጋሼ፣ የአዳማው ባለተሳቢ ደመወዙም አበሉም ከሁሉ ይበልጣል» አላቸው ወጣቱ፣ ነገሩን አስቀድሞ በቈረጠ ሰው ድምፅ።

«አበሉ መኪናው ሲሄድ ነው ሲቆም?»

«ሲሄድ ነዋ ጋሼ፤ ሲቆምማ ምን አበል አለ?»

«እንግዲያው ልጄ፣ ስለ ደመወዝ ገና አልተነጋገራችሁም።»

ከሙያው ውጭ ላለ ሰው ይህ አነጋገር እንቆቅልሽ ሊመስለው ይችላል። የረጅም መስመር ሾፌር ገቢ በወር ከሚቈረጥለት ደመወዝና በየጉዞው ከሚታሰብለት አበል የተውጣጣ ሲሆን፣ ደመወዙ በአብዛኛው አነስተኛ ነው፤ ቤተ ሰብ የሚያሳድረው አበሉ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ወደብ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን መንገድ ጤነኛ መኪና የያዘ ጤነኛ ሾፌር በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። ምልልሱን የሚያረዝመው ከመሄዱ ይልቅ መቆሙ ነው፦ በወደቡ በር ተራ መጠበቅ፣ በጋላፊ ድንበር ሰነድ ማስመርመር፣ በሚሌ የጉምሩክ ፍተሻ መሰለፍ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም ባለጭነቱ መጋዘን ደርሶ አራጋፊ መለመን፣ ካራገፉም በኋላ ተራው ደርሶ እንደገና እስኪሰማሩ ድረስ መንገድ ዳር ማደር። በነዚህ ቀኖች ሁሉ ሾፌሩና ረዳቱ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ የጌታቸውን ንብረት ሌሊትና ቀን ይጠብቃሉ፤ በሥራ ላይ መሆናቸውን ማንም አይክድም፤ የአበሉ መዝገብ ግን ዝም ይላል። ሁለት ባለንብረቶች ለአንድ ጉዞ እኩል ቢከፍሉ እንኳ፣ አንዱ ለቆመበት ቀን የሚያስብ ሌላው የማያስብ ከሆነ፣ ዓመቱ ሲዞር የሁለቱ ሾፌሮች ልጆች የሚለብሱት ልብስ የተለያየ ይሆናል።

ሽማግሌው ይህን ለማስረዳት የራሳቸውን ታሪክ አመጡ። ከገዋኔ አልፈው ወደ ሚሌ ሲጓዙ የተሳቢው የኋላ እግር ኩሽኔታ ግሎ ተሰበረ። 2,400 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ማምሸት የለመደ የአሰላ ሰው፣ ከዚያ ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ሜዳ ላይ ከተሳቢው ሥር ከረዳቱ ጋር እየተኛ፣ ከአዳማ ይላካል የተባለውን ዕቃ ከእሑድ እስከ ዓርብ ጠበቀ። ውሃ የሚያቀብሏቸው የሚያልፉ ሾፌሮች ነበሩ፤ ወተት ደግሞ የአፋር አርብቶ አደሮች አመጡላቸው። ተመልሰው ሒሳብ በተቀመጡ ጊዜ ባለንብረቱ፣ ግራሶ አላደረግህበትም በማለት የኩሽኔታውን ዋጋ ከደመወዛቸው ላይ አነሣ፤ ለቆሙባቸው ቀኖችም ምንም አላሰበላቸውም። «የተሰበረው በእኔ እጅ ነው፤ ያረጀው ግን በእርሱ እጅ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ቂሙ እንደ ዛሬ እየተሰማቸው። ባለንብረቱ ካረፈ ቈይቷል፤ ነፍሱን ይማር ብለው ማከላቸውንም መመስከር ይገባኛል።

እንግዲህ አዲስ ሾፌር ጌታውን ሲመርጥ በእውነቱ የሚመርጠው፣ መከራ በመጣ ጊዜ መከራው በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ነው። መኪና ይቆማል፤ ጎማ ይፈነዳል፤ ጆንያ ይቀደዳል፤ ናፍጣ ይጐድላል፤ ይህ የመንገድ ባሕርይ ነው። ጥያቄው ኪሳራው በመዝገብ ላይ በማን ስም ይጻፋል የሚለው ሲሆን፣ ብዙ ወጣት ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ቍልፍ ይቀበላል።

ከሁሉ ይልቅ መሠሪ የሆነው የናፍጣው ሒሳብ ነው፤ ስለዚህም በእርሱ ላይ ጥቂት መቈየት እወዳለሁ። ባለንብረቱ ለአንድ ምልልስ ይበቃል ያለውን ናፍጣ በሊትር ቈርጦ ይሰጣል። ከዚያ በላይ የጠጣው ከሾፌሩ ይታሰባል፤ የተረፈው ደግሞ በብዙ ቦታ በልማድ የሾፌሩ ጥቅም ሆኖ ይታለፋል። ልኩ በሚዛን የተቀመጠ እንደ ሆነ ክፋት የለውም፤ መኪናው አርጅቶ ሳለ ልኩ የአዲስ መኪና ሲሆን ግን፣ ሾፌሩ ጕድለቱን የሚሞላበት ቦታ መፈለጉ የማይቀር ነው፤ ያ ቦታ ቍልቍለቱ ነው። ከአሰላ ተነሥቶ በቁሉምሳና በጎንዴ፣ በኢተያና በዴራ አልፎ መልካሳ ላይ አዋሽ ወንዝ እስኪደርስ ድረስ መንገዱ ከ800 ሜትር በላይ ይወርዳል። በዚህ ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መኪናውን በራሱ ክብደት የለቀቀ ሰው ናፍጣ የቈጠበ ይመስለዋል። ነገር ግን በማርሽ ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይዞት ይወርድ የነበረውን ሥራ አሁን ፍሬኑ ብቻውን ይሸከመዋል፤ እስከ 400 ኩንታል በጫነ ተሳቢ ላይ ደግሞ ይህ ሸክም ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ይሸታል፣ ቀጥሎም ፔዳሉ እየተረገጠ መኪናው አይታዘዝም። ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው፣ በዘመናዊ ሞተር ላይ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ መስጫውን ሳይረግጡ ሲወርዱ ነዳጅ ወደ ሞተሩ መግባቱን ስለሚያቆም፣ በዜሮ የወረደው ሰው ያተረፈው ነገር ከቶ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ በዴራ ቍልቍለት ላይ የሚደርሰው አደጋ፣ ትራፊክ ፖሊሱ «ፍሬን እምቢ ብሎ» ብሎ ቢጽፈውም፣ ሥሩ አንዳንድ ጊዜ አዳማ ቢሮ ውስጥ በተቀመጠ የሒሳብ መዝገብ ላይ ነው።

በሌላ ቀን ሽማግሌው ወጣቱን ይዘው የአዳማውን ባለንብረት መኪኖች ለማየት ሲሄዱ ተከተልኋቸው። ግቢው ሰፊ፣ መሬቱ በዘይት የጠቈረ ነው፤ አንድ ጎሚስታ ከበሩ አጠገብ ከብረቱ ጋር ይታገላል። ሽማግሌው የመኪናውን ቀለም አላዩም፤ ሞተሩንም አላስነሡም። መጀመሪያ ከተሳቢው ሥር ጐንበስ ብለው የፍሬኑን ከበሮ በጣታቸው አሹት፤ ጣታቸው ላይ የቀላ ዝገት ወጣ። «ይህ ከበሮ ሸራ ከነካው ቈይቷል። የሚሠራ ፍሬን ብረቱን እንደ መስተዋት ያጠራዋል» አሉት ወጣቱን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እውነትም ወደ ተሳቢው የሚሄደው የንፋስ ቱቦ በአንድ በኩል በሽቦ ታስሮ ነበር፤ ንፋስ የሚያፈሰውን ከማሠራት ይልቅ መዝጋት የቀለለው ሰው አስሮታል። ከዚያ ጎማዎቹን ዞሩ። የፊቶቹ ደኅና ናቸው፤ የተሳቢው ግን እንደገና የተለበጡ ሲሆኑ፣ መለዋወጫ ጎማ በሚሰቀልበት ቦታ ባዶ ቸርኬ ተንጠልጥሏል። ባልስትራው ላይ አንዱ ቅጠል ተሰንጥቋል። ይህን ሁሉ ሲያዩ ባለንብረቱ ከቢሮው ደጃፍ ቆሞ ይመለከታቸው ነበር፤ አልተቈጣም፣ አልከለከለምም፤ «አባባ፣ የዘመኑ መለዋወጫ ዋጋ እንደሆነ ያውቁታል» አለ ብቻ። ውሸት አልተናገረም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ጎማና ኩሽኔታ ትልቅ ዕዳ ሆኗል፤ የነዳጁም ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ቈይቷል። ባለንብረቱም በበኩሉ የሚጨነቅ ሰው ነው። ሆኖም ጭንቀቱን በተሳቢው ፍሬን ላይ ማራገፉ ይቅር የሚባል አይደለም።

ስለ ታላላቆቹ ድርጅቶችም መናገር ይገባል። በደርግ ዘመን ከባድ ጭነት በመንግሥት ኮርፖሬሽንና በመንግሥት ስምሪት ሥር ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ እንደ ትራንስ ኢትዮጵያ፣ ጥቁር ዓባይና በከልቻ ያሉ ድርጅቶች ተነሡ፤ ደርባ ብዙ ቮልቮዎችን በአንድ ጊዜ አስገብቶ ለሾፌሩ ዐይን አዲስ ነገር ሆነ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የባሕር ትራንዚቱ፣ የመርከቡና የደረቅ ወደቡ መሥሪያ ቤቶች ተዋሕደው የዛሬውን የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ድርጅት አቆሙ። በእንዲህ ያለ ድርጅት የሚገባ ሰው የራሱ ጋራዥ፣ የሚያውቅ መካኒክ፣ መንገድ ላይ ሲቆም የሚደርስ ሰው ያገኛል፤ ደመወዙ በባንክ ይገባል፣ ጡረታውም ከእርሱ 7 በመቶ ከድርጅቱ 11 በመቶ እየተቈረጠ ይቀመጥለታል። በአንጻሩ ጂፒኤስ ፍጥነቱንና ማረፊያውን ይቈጥርበታል፤ የአለቃው አለቃ ብዙ ነው፤ አንድ ወረቀት ለማስፈረም ግማሽ ቀን ይሄዳል። ነጻነት የሚወድ የደጋ ልጅ እዚያ ይታፈናል ይላሉ። እኔ ግን ብዙ ሰው ነጻነት የሚለው ነገር ሲመረመር እንቅልፍ የማጣት ነጻነት ሆኖ ሲገኝ አይቻለሁ።

ሕጉ በዚህ ነገር ላይ ዝም አላለም፤ ዝም ያልነው እኛ ነን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011፣ ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደ ሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ ደብዳቤ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል፤ የሙከራውን ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አያሳልፈውም፤ የመጀመሪያውን ዓመት ለጨረሰ 16 የሥራ ቀን ዕረፍት ይፈቅዳል፤ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ያደርገዋል። ለሾፌር ከሁሉ የሚበልጠው ግን ብዙዎች ያላነበቡት አንቀጽ ነው፦ ከደመወዝ ላይ የሚቈረጥ ነገር በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር ሊቈረጥ አይችልም፤ ቢቈረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሢሶ አይበልጥም። ለኩሽኔታ ብሎ የወሩን ደመወዝ እንዳለ የሚያስቀር ባለንብረት ሕግ ጥሷል። ይህን ለሽማግሌው ባነበብሁላቸው ጊዜ ደጋግመው አስነበቡኝና፣ «ያን ጊዜ ይህን የሚያነብልን ቢኖር» አሉ።

በውጭ አገርም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአሜሪካ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው፤ እዚያ ሕጉ ከ14 ሰዓት የሥራ ቀን ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳትን ይከለክላል፣ ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀምሮም ሰዓቱን የሚቈጥረው በመኪናው ውስጥ የተገጠመ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ክፍያው ለብዙዎቹ በማይል ስለሆነ፣ በመጋዘን በር ላይ ጫኝና አራጋፊ ሲጠብቁ የሚያልፈው ሰዓት የእነርሱም የዘወትር እሮሮ ነው።

ስለ መንገዱ አደጋ በጥቂቱ ብቻ አልፋለሁ፤ በዝርዝር ማውራቱ የሾፌር ሚስቶችን ከማስደንገጥ በቀር የሚጨምረው የለም። በቅርብ ዓመታት ሾፌሮች በየመንገዱ እየታገቱ ቤዛ መጠየቃቸው፣ የተገደሉም መኖራቸው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ስለዚህ ድርጅቱ መንገድ ሲዘጋ ቁም የሚል ነው ወይስ ግባ የሚል፣ ይህን መጠየቅ አሳፋሪ አይደለም። እንዲሁም ከስፖንዳው በታች የተሸሸገ ኮንትሮባንድ ወይም በሸራው ሥር የተደበቀ ስደተኛ በተገኘ ጊዜ፣ ባለንብረቱ በስልክ «አላወቅሁም» ይላል፤ እጅ ከፍንጅ የሚያዘው ሾፌሩ ነው። የሚጫነውን ነገር ራስህ ቆመህ አስጭን፣ የማታውቀውን ሰነድ አትፈርም፤ ይህን ሽማግሌው ለወጣቱ ደጋግመው ነገሩት። በመኪናው ግንባር ላይ ቅዱስ ገብርኤልን ወይም «ማሻ አላህ»ን የሚለጥፍ ሰው ሁሉ፣ ከመለጠፉ በፊት ጭነቱን ቢያይ ጸሎቱ ቶሎ የሚሰማለት ይመስለኛል።

የአሰላው ነጋዴ አይሱዙ ትንሽ ናትና ብዙ ወጣት ይንቃታል። ሕዝቡ በፍጥነታቸው የተነሣ የሌሊት አይሱዙዎችን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራኩን ደግሞ «ቀይ ሽብር» ብሎ ሰይሟቸዋል፤ ስሞቹም ያለ ምክንያት አልወጡላቸውም። በቀን በቆጂና አዳማ የሚመላለስ አይሱዙ ግን ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ሾፌሩ በበቆጂ ደጋ ጉም ውስጥ ሁለት እርምጃ ሳያይ መንዳትን፣ ከከብትና ከጋሪ ጋር መግባባትን፣ ጎሕ ሲቀድ በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ለሚሮጡ ልጆች ፍጥነት መቀነስን ይማራል፤ ማታም ከቤቱ ይገባል። ጕድለቷ አንዲት ብቻ መሆኗ ነው፤ እርሷ ጋራዥ ከገባች ሥራው አብሮ ጋራዥ ይገባል፤ ነጋዴውም ውል የሚባል ነገር ሰምቶ የሚያውቅ አይመስልም፤ ከወጣቱ አባት ጋር ስለሚተዋወቅ ያ ይበቃል ባይ ነው።

እኔ በበኩሌ ለወጣቱ የመከርሁት ወደ ታላቁ ድርጅት በሁለተኛ ሾፌርነት እንዲገባ ነው፤ ደመወዙ ከአዳማው ባለንብረት ተስፋ የሚያንስ ቢሆንም፣ መኪናው የቆመበት ቀን ይታሰባል፣ የናፍጣውም ልክ በየመኪናው ዕድሜ የተለየ ነው፤ ይህንንም በጽሑፍ ያሳያሉ። ሽማግሌው ግን በዚህ አልተስማሙም። በእርሳቸው አስተሳሰብ ሁለተኛ ሾፌር ሆኖ ሁለት ዓመት የሚቀመጥ ሰው የሰው እጅ ተመልካች ሆኖ ይቀራል፤ ሰው መንገድን የሚያውቀው ብቻውን ሲጨነቅ ነው፤ ስለዚህ የአዳማው ባለንብረት የተሳቢውን ፍሬን ካሠራ፣ መለዋወጫ ጎማም ከሰቀለ፣ ሚስት ሳያገባ አሁኑኑ ጅቡቲ ይውረድ አሉ። ፍሬኑ የሚሠራ እንደ ሆነ በርግጥም ክርክሩ ዋዛ አይደለም። ባለንብረቱ ግን፣ ወጣቱ ይህን በጠየቀው ጊዜ፣ ከመጀመሪያው ምልልስ በኋላ እናሠራዋለን አለ። ወጣቱ አልተመለሰለትም።

ከዚህ በኋላ ወደ ታላቁ ድርጅት ለመግባት የቀረው ዋስ ነበር። በዚህ አገር ንብረት የሚረከብ ሠራተኛ ያለ ዋስ እንደማይቀጠር የታወቀ ነው፤ ብዙ ወጣትም የሚመርጠው የሚወደውን ድርጅት ሳይሆን ዋሱ የሚፈርምበትን ነው። የወጣቱ አጎት አሰላ ውስጥ መምህር ናቸው፤ ቅጹን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው ሲያነቡት፣ «ለሚያደርሰው ማናቸውም ጥፋት ሁሉ ኀላፊ ነኝ» የሚል ቃል አገኙ፤ የገንዘብ ልክ ግን አልተጻፈበትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1922 ላይ፣ ዋሱ የሚጠየቅበት የገንዘብ ልክ ያልተገለጸበት የዋስትና ውል ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል፤ ይህን ነግሬያቸው ስለነበር አጎትየው ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄደው ልኩ ይጻፍልኝ አሉ። ጸሓፊዋ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምታ እንደማታውቅ ተናግራ ወደ ውስጥ ገባች፤ ከብዙ ቈይታ በኋላ የወጣቱን የስድስት ወር ደመወዝ የሚያህል ቍጥር ይዛ ወጣች። አጎትየው ቍጥሩን በአሐዝም በፊደልም ጻፉት፤ «ማናቸውም» ከሚለው ቃል ላይ መስመር አሰመሩበት፤ ከጎኑም ፈረሙና የቅጹን አንድ ቅጂ አጣጥፈው በካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት።